ሁለት አለቃ ያላት ነርስ

(ድምፅ፦ የድሮው ደብረ ዘይት መንገድ፤ የጭነት መኪና፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦

በአዲስ አበባ «እገሌ ቃሊቲ ወረደ» ሲባል ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቃሊቲ ጉምሩክ አላት፣ መናኸሪያ አላት፣ ፋብሪካም ሞልቶባታል፤ ስሟ ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚታወሰው ማረሚያ ቤቱ ነው። በጥየቃ ቀን ከበሩ ፊት እናቶችና ሚስቶች ስንቃቸውን በፌስታል ቋጥረው ይሰለፋሉ። መታወቂያ ይታያል፣ ኪስ ይፈተሻል፣ የመጣው ወጥ ፖሊስ ፊት ይቀመሳል። ከዚያ በአጥር ማዶ ጥቂት ተወርቶ ጠያቂው ወደ ታክሲው ይመለሳል።

የማረሚያ ቤቱ ነርስ ግን አትመለስም። እሷም በፍተሻ ነው የምትገባው፤ የምትወጣው ተራዋ ሲያበቃ ነው። ውስጥ የምትሠራው ሥራ ከውጭ ላየው ማንኛውም ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ ይመስላል፦ ግፊት መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ካርድ መጻፍ። ታካሚዎቿ እንደ ሌላው ሁሉ «ሲስተር» ይሏታል። ወንድ ከሆነ ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ ነርስነቱ ተረስቶ «ዶክተር» ይባላል። ልዩነቱ የሚታየው ታካሚው ከበሩ ውጭ ያለ ነገር ያስፈለገው ቀን ነው።

ይህ ዘጋቢ ፕሮግራም ስለ ነርሶች መዛል ነው። ከቃሊቲ ተነስቶ ለንደንና ኒውዮርክ ይደርሳል፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ነርስ ታሪክ ከውጭ አገር ሰዎች እጅ አልተለየም።

(አጭር ሙዚቃ)

ተራኪ፦

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ይሠራ ነበር። በታላቅ ፍላጎት ሥራ የጀመሩ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ሲነጫነጩ፣ ሲደነዝዙ፣ ያገለግሉት የነበረውን ሰው ሲሸሹ አየ። ራሱም አልቀረለትም። ያየውን መዛል በ1974 ጻፈ። ክሪስቲና ማስላክ የተባለች ተመራማሪ በ1981 ከባልደረባዋ ጋር መለኪያ አወጣችለት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በበሽታዎች ዝርዝር መዝገቡ ውስጥ ሲያካትተው በሽታ አላለውም፤ በሥራ ቦታ ካለ፣ መላ ካልተበጀለት ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ነው አለው። ምልክቶቹንም ሦስት አደረጋቸው፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራንና ሰውን በሩቁ ማየት፣ «ምንም አልጠቀምኩም» የሚል ስሜት።

የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል። አንዲት ነርስ በአንድ ተራ የምትይዛቸው ታካሚዎች ሲበዙ እሷም ታካሚውም እንደሚጎዱ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቬኒያ 168 ሆስፒታሎች ያደረጉት ጥናት በ2002 አሳይቷል። በነርሷ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመሞት ዕድል 7 በመቶ፣ የነርሷ የመዛል ዕድል ደግሞ 23 በመቶ ከፍ ይላል። ችግሩ የቁጥር ብቻ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ነርስ መቅጠር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ነርሶች ባሉበት ዋርዶች የነርስ ያለህ ማለታቸው በጀት የሚባል ሌላ ጣጣ ስላለ ነው፤ ቢሆንም መንገዱ ይታወቃል።

ማስላክና ማይክል ላይተር ግን ሰውን የሚያዝሉትን ነገሮች ሲዘረዝሩ የሥራ ብዛትን ከስድስቱ አንዱ ብቻ አደረጉት። ሌሎቹ በራስ ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን፣ የድካም ዋጋ፣ የባልደረባ ግንኙነት፣ ፍትሕና እሴት ናቸው። ሰውየው ትክክል ነው ብሎ የተማረውና መሥሪያ ቤቱ የሚያሠራው ሲጋጩ፣ እንቅልፍ ጠግቦ አድሮ እንኳ ዝሎ ይነሳል። የማረሚያ ቤት ነርስ ጉዳይ በሥልጣንና በእሴት ላይ ነው የሚወድቀው።

(ድምፅ፦ የክኒን ማሸጊያ ሲቀደድ፤ ውሃ ወደ ኩባያ ሲቀዳ)

ተራኪ፦

የሳንባ ነቀርሳን እንውሰድ። ሰው በተጨናነቀበትና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ እንደ ልቡ ይተላለፋል፤ በዓለም ዙሪያ በእስር ቤቶች ውስጥ ከውጭው ሕዝብ ብዙ እጥፍ የሚገኘውም ለዚህ ነው። መደበኛው ሕክምና ስድስት ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል፤ በቀሩት አራት ወራት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ። ታካሚው ነርስ ፊት ይውጣል፤ ነርሷ መዋጡን አይታ ካርዱ ላይ ትፈርማለች። ሽንቱ ወደ ብርቱካናማ ሲያደላ እንዳይደነግጥ አስቀድማ ትነግረዋለች፤ ካልነገረችው «መድኃኒቱ ደም አሸናኝ» ብሎ ጣጥሎት ይመጣል።

ይህ ሥራ የሚሳካው ሰውየውና ነርሷ በየቀኑ ከተገናኙ ነው። ታራሚ ግን የት እንደሚያድር የሚወስነው ራሱ አይደለም። ከዞን ዞን ይዛወራል፣ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ይላካል፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሄዳል፣ አንድ ማለዳ ደግሞ ይፈታል። መፈታቱ ደስታ ነው፤ ለነቀርሳው ካርድ ግን መከራ ነው። በሁለተኛው ወር የተፈታ ሰው የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ካልተቀበለው መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ ባክቴሪያው ደግሞ መድኃኒት የለመደ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ነርሷ ካርዱን በትክክል ሞልታለች፣ አንድ ቀን አላጓደለችም፤ ሥራዋ ግን በእሷ ጥፋት ሳይሆን እጇ ላይ ፈረሰ።

ሌላ ትንሽ ነገር እንይ። ሆስፒታል ውስጥ ያገለገለ መርፌ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣላል፤ ሳጥኑ ሲሞላ ይቃጠላል፤ አበቃ። እስር ቤት ውስጥ፣ የትም አገር ይሁን፣ ስለትና መርፌ የጥበቃም ጉዳይ ናቸው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ይባላል። አንድ ቢጎድል ነርሷ ቁስል ያጠበችለትን ሰው መጠርጠር አለባት። ጥርጣሬ የቀን ሥራዋ አካል ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ምልክት፣ ሰውን በሩቁ ማየት፣ በእስር ቤት ውስጥ የተለየ መልክ የሚይዘው። ዋርድ ላይ «ደረቴን ወጋኝ» ያለ ሰው ይታመናል፤ ይመረመራል። በግቢው ውስጥ ግን እውነት ደረቱን የሚያመው አለ፤ ፀሐይ ለመሞቅ ክሊኒክ የሚመጣ አለ፤ ከሌላ ዞን ጓደኛውን ለማየት የሚያመው አለ፤ ሪፈር ተጽፎለት ከተማውን በመኪና መስኮት አይቶ መመለስ የናፈቀውም አለ። ማንም ቢሆን ይናፍቃል። ነርሷ ሁለት ሦስቴ ከተታለለች በኋላ አራተኛውን ሳትሰማ ትቀራለች፤ አራተኛው ደግሞ እውነተኛው ሊሆን ይችላል። ያኔ ያዛላት የታካሚው ብዛት አይደለም። ሰው የማመን አቅሟ ነው ያለቀው።

ሪፈሩ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሐኪሙ «ወደ ሆስፒታል» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ግን ታራሚውን አያንቀሳቅሰውም። መኪና ያስፈልጋል፣ አጃቢ ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። እስረኞች ፍርድ ቤት ቀርበው «ቀጠሮዬ አለፈብኝ፤ አጃቢ የለም ተባልኩ» ማለታቸው በኢትዮጵያ ችሎቶች አዲስ አቤቱታ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በቃሊቲ የታሰሩ ፖለቲከኞች የርሃብ አድማ ባደረጉ ጊዜ የት ሆስፒታል ይታከሙ የሚለው ጥያቄ የፍርድ ቤት ክርክር እስከ መሆን ደርሷል። የታወቀ ስም ያለው ሰው ጠበቃና ጋዜጠኛ አለው። ስም የሌለው ታራሚ ያለው ሲስተርን ብቻ ነው፤ ሲስተር ደግሞ «ነገ እጠይቅልሃለሁ» ከማለት ያለፈ ጉልበት የላትም። ነገም ተነገ ወዲያም ይህንኑ ትላለች።

ሕጉ ከእሷ ጎን ነው፤ ቢያንስ ወረቀቱ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሰብአዊ ክብሩ የተጠበቀ እንደሆነ፣ ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት መብትም እንዳለው ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች ደግሞ የበለጠ ዘርዝረውታል፦ ታራሚ ውጭ ያለው ሰው የሚያገኘውን ያህል ሕክምና ያግኝ፤ የሕክምና ውሳኔ የባለሙያ ነው፣ ጥበቃው ሊሽረው አይችልም፤ የጤና ባለሙያ በቅጣት ውስጥ እጁን አያስገባ። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤትም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለታሳሪዎች እንክብካቤ የራሱ አቋም አለው። ችግሩ ነርሷን የሚቀጥራት፣ ደመወዟን የሚከፍላት፣ የዓመት ፈቃዷን የሚፈርመው ማረሚያ ቤቱ መሆኑ ነው። የሙያ ፈቃዷን የሰጣት ግን የጤናው ዘርፍ ነው። ሁለት አለቃ አላት፤ አንደኛው ቅርብ ነው፣ ሌላኛው ሩቅ።

(ድምፅ፦ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦

ቃሊቲ ከመታወቁ በፊት አዲስ አበባ «ዓለም በቃኝ» የሚባል እስር ቤት ነበራት፤ ከርቸሌ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ በኤድንበራ የተማሩት የቀዶ ሕክምና ሊቅና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩት ሰው፣ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታትን በእስር አሳልፈዋል። በታኅሣሥ 1991 ታመው ለሕክምና ተፈቱ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 በፊላደልፊያ አረፉ። ስንት ሐኪምና ነርስ ያሠለጠነ ሰው ታሳሪ ሆኖ ሲታመም፣ ተማሪዎቹ የነበሩት ባለሙያዎች በምን ልብ ሥራ እንደዋሉ መገመት አያስቸግርም። ዓለም በቃኝ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘግቶ በ2007 ፈረሰ፤ በቦታው ቻይና የገነባችው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ በ2012 ተመረቀ።

ቻይና እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥም ሠርታለች። በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ባመጣችው አትሌት ስም የሚጠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ስጦታ ነው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሄናን ግዛት የሚላኩ የሕክምና ቡድኖች ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ጥሩነሽ ቤጂንግም አንዱ መቀመጫቸው ነው። አኩፓንክቸር የሚወጋ ቻይናዊ ባለሙያ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» የሚለውን አማርኛ ለምዶ የሰፈሩን እናት ጉልበት ያክማል። ከማረሚያ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ የውጭ ተወላጅ የጤና ባለሙያ አለ ማለት ነው። የእሱም ድካም የራሱ ነው፦ ቤተሰቡ ሩቅ፣ ቋንቋው ባዕድ። ግን የመመለሻ ቀኑን ያውቃል፤ ደመወዙም ከአገሩ ይመጣል። የቃሊቲዋ ነርስ መመለሻ የላትም፤ አገሯ ናት።

ይህ አገር የነርስነትን ሙያ የለመደው ከውጭ ሰው ጋር ነው። ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው ሆስፒታል ሥሩ የስዊድን ሐኪሞችና ነርሶች ይሠሩበት የነበረው ቤተ ሳይዳ ነው። ዘውዲቱን አድቬንቲስቶች አስተዳድረውታል፤ ባልቻን ሩሲያውያን። አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሃምሊን ከባለቤቷ ጋር በ1951 ዓ.ም. የመጣችው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር፤ ፊስቱላው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታሉ ስሟን የያዘው ልዕልት ደግሞ በተራዋ የሰው አገር ነርስ ነበረች። ልዕልት ፀሐይ አባቷ በስደት እንግሊዝ አገር በነበሩበት ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ተማረች፤ ነሐሴ 1931 ዓ.ም. የተመዘገበች የሕፃናት ነርስ ሆነች፤ ከዚያም ጋይስ ሆስፒታል ሠራች። የንጉሥ ልጅ አልጋ የምታነጥፈው፣ ሕፃን የምታጥበው በሰው ከተማ ውስጥ፣ አገሯ በጠላት እጅ ሳለ ነበር። ከነፃነት በኋላ አገሯ ገብታ አገባች፤ ነሐሴ 1934 በለቀምት ገና በ22 ዓመቷ አረፈች። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ ያሰባሰበችለት የመታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች እንለዋለን።

(ድምፅ፦ አውሮፕላን ሲነሳ)

ተራኪ፦

ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የነርሶች ሪፖርት በዓለም ካሉት ወደ 30 ሚሊዮን ከሚጠጉ ነርሶች ከሰባቱ አንዱ የውጭ ተወላጅ ነው፤ በሀብታም አገሮች 23 በመቶ። ኢትዮጵያ በ2023 ድርጅቱ የባለሙያ እጥረታቸው ከፍተኛ ነው፣ ቅጥር ሲደረግ ይታሰብላቸው ካላቸው 55 አገሮች አንዷ ናት። ግን ዝርዝሩ ሰው እንዳይሄድ አይከለክልም፤ ሊከለክልም አይገባውም።

ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ የደረሰች ኢትዮጵያዊት ነርስ በማግሥቱ ነርስ አትሆንም። ማስረጃዋ ይመረመራል፣ እንግሊዝኛ ትፈተናለች፣ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለባት። እስከዚያ ብዙዎቹ በአረጋውያን ቤት ረዳት ሆነው ይሠራሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዋርድ ይመሩ የነበሩ ሴቶች ሽማግሌ ያገላብጣሉ። ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ ድርብ ተራ ይጀመራል፤ ለኪራይ፣ ለእናት መድኃኒት፣ ለእህት ትምህርት ቤት። ድካሟ ከቃሊቲዋ ይለያል፤ በገንዘብ ይመነዘራልና። ሥልጣን የማጣቱ ነገር ግን ውቅያኖስ ተሻግሮም ይከተላል።

ኒውዮርክ ውስጥ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በሎንግ አይላንድ አንድ የነርሲንግ ሆም ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ፊሊፒናውያን ነርሶች የተገባልን ውል አልተከበረም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። አሥሩ፣ ከነጠበቃቸው፣ ታካሚ ለአደጋ አጋልጣችኋል ተብለው በወንጀል ተከሰሱ። ክሱን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2009 አስቆመው፤ ሥራ መልቀቅን በዚህ መንገድ መቅጣት ባርነትን ከከለከለው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጋር ይጋጫል አለ። በ2019 ደግሞ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፊሊፒናውያን ነርሶችን ውል ካፈረሱ 25,000 ዶላር ይክፈሉ የሚለው ቅጣት ሕገወጥ ነው ብሎ ወሰነ። «እምቢ» ማለት ለውጭ ተወላጅ ነርስ ከአገሬው ይልቅ ውድ ነው፤ ቪዛዋም ዕዳዋም በአሠሪዋ እጅ ሊሆን ይችላልና።

የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች እምቢታ የታየው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ጥያቄ ጽፈው፣ የ30 ቀን ገደብ ሰጥተው፣ መልስ አላገኘንም ብለው ሥራ አቆሙ። መንግሥት አድማውን ሕገወጥ አለው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ታሰሩ፤ የማኅበራቸው ፕሬዚዳንትም አልቀሩም። ዋናው ነገር ደመወዝ ነበር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ፤ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋም አብሮ ናረ፤ የነርሷ ደመወዝ ግን ያን ያህል አልጨመረም። ከመስከረም 2018 የጀመረው የመንግሥት ሠራተኞች ጭማሪ የዲግሪ ምሩቅ ጀማሪ ደመወዝን ከ9,056 ወደ 11,500 ብር አድርሶታል። የቤት ኪራዩን ለሚያውቅ ስሌቱ አያስቸግርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታየት አለበት። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው ቢያኮርፍ ባልደረባ አለው፣ አብሮት የሚቆም አለ፣ ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ ተጨማሪ የሚሠራ አለ። የማረሚያ ቤቷ ነርስ ያየችውን ለማን ታወራለች? የታካሚ ምሥጢር አለ፤ የመሥሪያ ቤት ምሥጢር አለ። ቤት ገብታ ቡና ላይ «ዛሬ እንዲህ ሆነ» ማለት አትችልም።

ወደ ማረሚያ ቤቱ ጤና እንመለስ፦ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መንግሥት 4,011 ታራሚዎችን በይቅርታ ለቀቀ፤ መጨናነቁ ለወረርሽኝ ይመቻል ተብሎ። ለማረሚያ ቤት ጤና በአንድ ጀንበር ያን ያህል ጠቃሚ የሆነ እርምጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሐኪም አላዘዘውም፣ መርፌም አልነበረበትም።

ሌሎች አገሮች የሁለቱን አለቆች ነገር በሌላ መንገድ ሞክረውታል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1988 የእስር ቤት ሕክምናን ከእስር ቤት አስተዳደር አውጥታ ለጤናው ዘርፍ ሰጠች፤ ፈረንሳይ በ1994 ተከተለች፤ እንግሊዝ በ2006 ዝውውሩን ጨረሰች። እዚያ የእስር ቤት ነርስ ደመወዟን የሚከፍላት ዋርድ ላይ ላለችው እህቷ የሚከፍለው ሥርዓት ነው። ጠባቂው «ዛሬ አጃቢ የለም» ሊላት ይችላል፤ አሁንም ይላታል። ስልክ አንስታ የምታመለክትበት አለቃ ግን ከግቢው ውጭ ነው፤ የዓመት ግምገማዋንም የሚሞላው ያው ከውጭ ያለው ነው። በቃሊቲ ጠባቂውም አለቃዋም በአንድ በር ነው የሚገቡት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)